ርካሽ ኩላንት ሞተር ሳይክል ላይ ይሞላል?

መጀመሪያ ሞተራችሁ ኩላንት (ሞተር የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ) የሚፈልግ መሆኑን እዩ። ቦክሰርን የመሳሰሉት በነፋስ ስለሚቀዘቅዙ ይህ ጉዳይ አይመለከታቸውም። የሚመለከተው ራዲያተር ያላቸውን ነው፤ ፐልሳር ኤንኤስ 200፣ ዶሚናር 400፣ ሆንዳ ሲአርኤፍ 250 ኤልን።

ርካሽነቱ ብቻውን ጥፋት የለበትም። መራቅ ያለባችሁ ምን እንደያዘ ከማይናገር ጀሪካን ነው። ደህና ኩላንት ውስጥ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርግ ግላይኮልና አሉሚኒየሙ እንዳይበላ የሚጠብቅ ፀረ ዝገት ቅመም አለ። አንዳንዱ ርካሽ ዕቃ ሁለቱንም ቆጥቦ ቀለም ብቻ ያበዛል። ቀለም ደግሞ መለያ አይደለም፤ አረንጓዴም ሆነ ቀይ የሚያደርገው ፋብሪካው ነው።

ስትገዙ ጽሑፉ ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ኤትሊን ወይም ፕሮፒሊን ግላይኮል እንዳለው፣ ለአሉሚኒየም ሞተር እንደሚሆን፣ ሲሊኬት እንደሌለው። ብዙዎቹ የጃፓን አምራቾች ሲሊኬት የሌለውን ይመርጣሉ፤ የሞተር ሳይክል ዎተር ፓምፕ ትንሽ ስለሆነ ማኅተሙን (ፈሳሽ እንዳይወጣ የሚዘጋውን ሲል) ሲሊኬት ቶሎ ይፍቀዋል። ሦስቱን ያሟላ ከሆነ ዋጋው ዝቅ ቢልም ሙሉት።

ግላይኮል መኖሩን በማቀዝቀዣ ማወቅ ይቻላል። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ኩላንት በትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሳትሞሉ አድርጉና ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ፈሳሽ ሆኖ ያድራል፤ ድንጋይ ከሆነ የገዛችሁት ቀለም የነካው ውሃ ነው። ኮንሰንትሬት (በውሃ ያልቀጠነ) ከሆነ ግን ሳትቀላቅሉ አትፈትኑት፣ ንጹሕ ኤትሊን ግላይኮል ራሱ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ይረጋል። ይህ ፈተና ስለ ፀረ ዝገቱ ምንም አይናገርም። ጠርሙሱን ከምግብ አርቁ፣ መርዝ ነው።

«ጎንደር ደጋ ነው፣ ውሃ ይበቃል» የሚል ክርክር አለ። ከፍታው የሚሠራው ተቃራኒውን ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የብዙ ሞተሮች ፋን ደግሞ የሚነሳው 100 ዲግሪ ግድም ነው። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቆመ ውሃው ፋኑ ሳይነሳ በፊት ይፈላል፤ ከፒያሳ ወደ አዘዞ በትራፊክ ስትጎተቱ ማለት ነው። ደህና ክዳን ግፊቱን ከፍ አድርጎ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ይወስደዋል፣ ግላይኮሉ ጥቂት ዲግሪ ይጨምርበታል። ኩላንት እየቀያየራችሁ ሞተሩ አሁንም ከሞቀ ክዳኑን ቀይሩ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እሱ ጋ ነው። ወደ መተማ ቆላ የሚወርድ ሰው ይህን ሳያይ ባይነሳ ይሻላል።

ኮንሰንትሬት ከገዛችሁ 1 ሊትሩን በ1 ሊትር ዲስትልድ ውሃ (የባትሪ ውሃ) አቅጥኑ። አብዛኛው ሞተር ሳይክል የሚወስደው ከ1 ሊትር ብዙ ስለማይርቅ ቁጠባው እዚህ ነው። የባትሪ ውሃ ስትገዙ አሲድ አለመሆኑን አረጋግጡ። የቧንቧ ውሃ ካልሲየሙ ራዲያተሩ ውስጥ ይጋገራል፣ ክሎራይዱ አሉሚኒየሙን ይቦረቡራል፤ ማፍላትም ክሎራይዱን አያወጣም። ኩላንቱን ሳያቀጥኑ መሙላትም ስህተት ነው፣ ንጹሕ ግላይኮል ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከውሃ ያነሰ ነው።

አሮጌውን ስትቀይሩ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይብረድ፤ በትኩሱ ክዳን የከፈተ ፊቱን ይቃጠላል። ዎተር ፓምፑ ላይ ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን ፍቱ፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ ሪዘርቨሩንም (የትርፍ ኩላንት ማጠራቀሚያውን) አፍስሱ። ዲስትልድ ውሃ ሞልታችሁ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) እስኪከፍት አስነሱት፣ አብርዱና ድገሙ፣ የሚወጣው ጥርት እስኪል። የተለያየ ዓይነት ኩላንት ሲቀላቀል ቅመሙ ሊረጋና ቀጫጭን ቱቦዎችን ሊዘጋ ስለሚችል ይህን እጥበት አትዝለሉት። ብሎኗን አዲስ ዋሸር አድርጋችሁ በልክ እሰሩ፤ ጥርሱ አሉሚኒየም ነው፣ ከተበላ ወጪው ከኩላንቱ ይበልጣል።

አዲሱን ቀስ ብላችሁ ቅዱ፣ ሞተሩን ግራና ቀኝ አዘንብሉ፣ የጎማ ቱቦዎቹን በእጅ ጭመቁ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ለጥቂት ደቂቃ አስነሱትና አረፋው ሲያቆም ሙሉት፣ ዝጉት። ሪዘርቨሩን በሁለቱ ምልክቶች መካከል አድርሱ። በማግስቱ፣ ሞተሩ ሲበርድ፣ ደግማችሁ እዩ፤ አየር ሲወጣ ደረጃው ይወርዳል።

ከፓምፑ ሥር ካለችው ቀዳዳ የሚንጠባጠብ ከሆነ ማኅተሙ አልቋል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ኩላንት ገብቶበታል፤ ወይ የፓምፑ ማኅተም ወይ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው፣ እንዲህ ሆኖ አትንዱት። ጤናማ ሞተር ላይ ተራው ኩላንት በየ2 ዓመቱ ይቀየራል። መንገድ ላይ ካለቀባችሁ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ጨምራችሁ ግቡ፣ ቤት ስትደርሱ ግን አፍስሱት።

አሮጌውን ቦይ ውስጥ አትድፉ፣ በሃይላንድ ጠርሙስም አታስቀምጡ። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ሕፃንም ውሻም ይጠጣዋል።