የሉዊስ ቼዝ ጠጠሮች ከሰሌዳቸው አልገጥም ሲሉ፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሔው

እ.ኤ.አ. በ1831 በሰሜን ምዕራብ ስኮትላንድ በምትገኘው የሉዊስ ደሴት የተገኙት የቼዝ ጠጠሮች በ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአብዛኛው ዋልረስ ከተባለው የባሕር እንስሳ ጥርስ የተቀረጹ ሲሆኑ፣ የኖርዌይዋ የትሮንድሄይም ከተማ ጠራቢዎች ሥራ ሳይሆኑ እንደማይቀር ይገመታል። ዛሬ አብዛኞቹ በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ጥቂቶቹ ደግሞ በኤድንበርግ በስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ይታያሉ። ቅጂዎቻቸው ከሬዚን (በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ከሚጠነክር ፕላስቲክ መሳይ ነገር)፣ ከእንጨት ወይም በሦስት አውታር ማተሚያ (3D ፕሪንተር) እየተሠሩ በየሀገሩ ይሸጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ያለ ሰሌዳ ስለሚሸጡ ገዢው ሰሌዳውን ለብቻው ይፈልጋል፣ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል።

ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት ችግሮች የትኛውም ቢገጥምዎ፣ አስቀድመው ማስመሪያ ይያዙና ሦስት ነገሮችን በሚሊሜትር ይለኩ፦ ከጠጠሮቹ ሁሉ የሰፊውን መቆሚያ ረጅም ጎን፣ የወታደሩን መቆሚያ ስፋት፣ እንዲሁም በሰሌዳው ላይ የአንዱን ቤት ጎን። የንጉሡን ቁመት ከነዚህ ውስጥ ያላስገባሁት ረስቼው አይደለም። ሻጮች ሁሉ የሚጽፉት ቁመቱን ቢሆንም፣ በእነዚህ ጠጠሮች ላይ ገዢውን የሚያሳስተውም ያው ቁመት ነው።

ጠጠሮቹ እየተጋጩ አላንቀሳቅስ ይላሉ

ገና ሲደረደሩ ንጉሡና ንግሥቲቱ ትከሻ ለትከሻ ይገፋፋሉ። ጳጳሱን ለማንሣት የተዘረጋ እጅ ጎረቤቱን ፈረሰኛ ይገለብጣል፤ የፈረሱም አፍንጫ ከፊቱ የቆመውን ወታደር ጀርባ ይነካል። ጨዋታው ወደ መሐል ሲደርስና አራት አምስት ጠጠሮች በአንድ አካባቢ ሲከማቹ፣ የትኛው ጠጠር በየትኛው ቤት እንደቆመ ተጫዋቾቹ ይከራከራሉ።

መንስኤው ሰሌዳው በስታውንተን፣ ማለትም ዛሬ በውድድር በሚታየው የተለመደ የቼዝ ጠጠር፣ መለኪያ መመረጡ ነው። የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ለውድድር የሚመክረው የስታውንተን ንጉሥ 9.5 ሴንቲሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ የመቆሚያው ስፋት ከቁመቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሆነ ሲሆን፣ የሰሌዳው ቤት ጎን ደግሞ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ነው። በዚህ ዓይነት ጠጠር የንጉሡን ቁመት ያወቀ ሰው የቤቱን ስፋት መገመት ይችላል፤ መቆሚያው ክብ ነው፣ ከመቆሚያው በላይ ያለው አካልም እየቀጠነ ስለሚሄድ ለጣት ክፍት ቦታ ይተዋል። የሉዊስ ንጉሥ ግን ሰይፉን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ሰው ነውና ከታች እስከ ትከሻው ድረስ ውፍረቱ ብዙም አይቀንስም። ፈረሰኛው ይብሳል፤ ከጎን ወደ ጎን ጠባብ ቢሆንም ከፈረሱ አፍንጫ እስከ ጭራው ረጅም ስለሆነ፣ በብዙ ቅጂዎች ሰፊውን ቦታ የሚይዘው ንጉሡ ሳይሆን እሱ ነው።

መፍትሔው ስሌቱን ከቁመት ወደ መቆሚያ ማዞር ነው። የረጅሙን መቆሚያ ጎን ለ0.78 ቢያካፍሉ የሚመች የቤት ስፋት ያገኛሉ። ለምሳሌ የፈረሰኛዎ መቆሚያ 32 በ44 ሚሊሜትር ከሆነ፣ 44 ለ0.78 ሲካፈል 56 ተኩል ያህል ይሆናልና ከ55 እስከ 57 ሚሊሜትር ቤት ያለው ሰሌዳ ይበቃል። ክብ ያልሆነ መቆሚያ ሌላም ፈተና አለበት፤ በጨዋታ መሐል ጠጠሩ ዘወር ብሎ ሲቀመጥ ማዕዘኖቹ ከቤቱ መውጣት የለባቸውም። በምሳሌያችን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው ርዝመት 54 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ፣ ባለ 55 ሚሊሜትር ቤት ለጥቂት ይችለዋል፤ ባለ 50 ሚሊሜትር ቤት ግን ለስድስት ወራት እንኳ ቢታገሱት አይለመድም።

ሰሌዳውን አስቀድመው ከገዙና መለወጥ ካልፈለጉ፣ ጠጠሮቹም በሦስት አውታር ማተሚያ የሚሠሩ ከሆነ፣ ጠጠሮቹን ወደ ሰሌዳው ማሳነስ ይቻላል። የ50 ሚሊሜትር ቤት 78 በመቶ 39 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ የ44ቱን ሚሊሜትር መቆሚያ ወደ 39 ለማውረድ ሁሉንም ጠጠሮች በ89 በመቶ መጠን ማተም ያስፈልጋል። ፈረሰኛውን ብቻ ለይቶ ማሳነስ ግን አይገባም፤ ፊቶቹና የልብሶቹ እጥፋቶች ከሌሎቹ ጋር አይመጣጠኑም። ክብደቱም ከመጠኑ በላይ እንደሚቀንስ ይወቁ፤ በ89 በመቶ የታተመ ጠጠር የሚመዝነው ከዋናው 70 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው።

ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ የመጣው ሰሌዳ ይጠባል

እኔ ራሴ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። «50 ሴንቲሜትር» የሚል ሰሌዳ አይቼ፣ 50ን ለስምንት አካፍዬ፣ ቤቱ ከ6 ሴንቲሜትር በላይ ነው ብዬ በደስታ ከፈልኩ። ሰሌዳው ሲመጣ ዙሪያውን 4 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ያማረ ጠርዝ ነበረው። ከሁለቱም ወገን 8 ሴንቲሜትር ሲቀነስ የቀረው መጫወቻ 42 ሴንቲሜትር፣ አንዱ ቤትም 5.25 ሴንቲሜትር ብቻ ሆነ። ሻጩ አልዋሸም፤ የለካው ሰሌዳውን እንጂ መጫወቻውን አልነበረም።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የጠቅላላውን ሰሌዳ ሳይሆን የአንዱን ቤት ጎን በቁጥር ይጠይቁ፤ መልሱ በኢንች ከመጣ ወደ ሴንቲሜትር ለመለወጥ በ2.54 ያባዙት። ቁጥሩን እንዳገኙም ወረቀት ላይ በዚያ ስፋት ሦስት በሦስት ዘጠኝ ቤቶች ያስምሩና፣ በኋለኛው ረድፍ ንጉሡን፣ ንግሥቲቱንና ጳጳሱን፣ በመሐል ሁለት ፈረሰኞችንና አንድ ወታደር አስቀምጠው በጣትዎ እያነሡ ይሞክሯቸው። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሰሌዳ መመለስ ከሚያመጣው ጣጣ ግን ያድናል።

ሰሌዳው ሰፍቶ ጠጠሮቹ የጠፉ ይመስላሉ

ይህ በተቃራኒው የሚደርስ ችግር ነው። ብዙ ቅጂዎች ከዋናው ያነሱ ናቸው፤ ገዢው ግን የውድድር ሰሌዳ ሁሉን ይችላል ብሎ ያስባል። መቆሚያው 30 ሚሊሜትር የሆነ ንጉሥ በ57 ሚሊሜትር ቤት ላይ ሲቆም የሚሸፍነው ከቤቱ ጎን 53 በመቶውን ብቻ ነውና ሠራዊቱ ሜዳ ላይ የተበተነ ይመስላል። ለእንዲህ ያለው ስብስብ ባለ 4 ሴንቲሜትር ቤት ይሻለዋል።

የሙዚየሙን ጠጠሮች በሙሉ መጠናቸው ያገኘ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ትልቅ ጠረጴዛ ያስፈልገዋል። ከወታደሮቹ በቀር ያሉት ዋናዎቹ ጠጠሮች ከ7 እስከ 10.2 ሴንቲሜትር ቁመት አላቸው፤ በዘመናዊው ደንብ ለመደርደርም 82 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው ሰሌዳ ያስፈልግ እንደነበር ተገምቷል። በእኔ አስተያየት ይህ ስፋት ለሙዚየም ማሳያ እንጂ ለቤት ጨዋታ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ የሚጫወት ሰው ወደ ሩቁ ጠርዝ ለመድረስ መነሣት ይኖርበታል።

ወታደሮቹ ከሌሎቹ ጋር የማይሄዱ ይመስላሉ

የሉዊስ ወታደር ፊትም እጅም የለውም፤ ብዙዎቹ የመቃብር ድንጋይ የሚመስሉ ናቸው። በአንዳንድ ቅጂዎች ወታደሩ በጣም አጥሮ ከንጉሡ ጎን ሲታይ፣ ገዢው የሌላ ስብስብ ጠጠር የተላከለት ይመስለዋል። ይህ ሁልጊዜ የሠሪው ጥፋት አይደለም። ከግኝቱ መካከል 78ቱ የቼዝ ጠጠሮች ሲሆኑ፣ ከእነዚህ 8 ነገሥታት፣ 8 ንግሥታት፣ 16 ጳጳሳት፣ 15 ፈረሰኞች፣ 12 ዘቦች (በዛሬው ቼዝ በግንቡ ቦታ የሚቆሙ)ና 19 ወታደሮች ይገኙበታል። ስምንት ነገሥታት መኖራቸው ቢያንስ ከአራት ስብስብ እንደመጡ ያሳያል፤ የወታደሮቹም ቁመት ከ3.5 እስከ 5.8 ሴንቲሜትር ይለያያል። ቅጂ ሠሪው ትልቁን ንጉሥ ከትንሹ ወታደር ጋር ካጣመረ፣ እያንዳንዱ ጠጠር ለዋናው ታማኝ ሆኖ ሳለ ስብስቡ ሳይመጣጠን ይቀራል።

መመዘኛው አራት ወታደሮችን በአንድ ቤት ላይ ማቆም ነው። የፌዴሬሽኑ ምክር የቤቱ ጎን ቢያንስ የወታደሩ መቆሚያ እጥፍ እንዲሆን ስለሚል፣ አራቱ በአንድ ቤት ውስጥ ከተስማሙ ወታደሩ አልወፈረም ማለት ነው። ካልተስማሙ ግን ሰሌዳውን ለወታደር ብለው አያስፉ፤ ፈረሰኛው ከተመቸው ወታደሩ ጥቂት ቢወፍርም ጨዋታ አያስተጓጉልም። ወታደሩ በጣም አንሶ ከታየ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የእንጨት ቁራጭ ከሥሩ ማጣበቅ ይቻላል፤ ቁራጩ የመቆሚያውን ቅርጽ ተከትሎ ይቆረጥ እንጂ ከእሱ አይስፋ።

ጠጠሮቹ ይንሸራተታሉ ወይም በቀላሉ ይወድቃሉ

ሬዚኑ ውስጡ ባዶ ነው፣ ሰሌዳውም የተወለወለ ነው። የመቆሚያውን ሥር በብርጭቆ ወረቀት አስተካክለው፣ ባዶው ውስጥ የብረት ሮንዴላ በሙጫ አጣብቀው፣ በቀጭን የሱፍ ጨርቅ ይዝጉት። ጨርቁ ከመቆሚያው ጠርዝ አንድ ሚሊሜትር ገባ ብሎ ይቆረጥ፤ ተርፎ ከወጣ የለካነውን ሁሉ ያበላሻል።

ጠጠሮቹ ከሰሌዳው ቀለም ጋር ይመሳሰላሉ

የጥርስ ቀለም ያለው ጳጳስ በነጣ ቤት ላይ፣ ቀዩ ደግሞ በቀላ እንጨት ላይ ሲቆም ዓይን ይስታቸዋል። ጠጠሮቹ በተገኙበት ጊዜ ከፊሎቹ ቀይ ቀለም ነበራቸው፤ ስለዚህ ብዙ ቅጂ ሠሪዎች በጥቁር ፋንታ ቀይ ይጠቀማሉ። ለእነዚህ የሚስማማው ሰሌዳ ሁለቱም ቀለሞቹ ከጠጠሮቹ የራቁ፣ ለምሳሌ ጥቁር ቡኒና አመድማ የሆነ ነው። የዋልነት ወይም የማሆጋኒ ሰሌዳ በሥዕል ላይ ቢያምርም ለቀዩ ወገን አልመክረውም።

በሚፈለገው ስፋት ሰሌዳ አይገኝም

ስሌቱ እንደ 53 ወይም 61 ሚሊሜትር ያለ ቁጥር ከሰጠና በገበያ ከጠፋ፣ ራስ ማዘጋጀት ይሻላል። በሀገራችን ሰንጠረዥ የተባለውን ጥንታዊ የኢትዮጵያ ቼዝ የሚጫወቱ አባቶች ባለ ሁለት ቀለም ሰሌዳ አይፈልጉም ነበር፤ ቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ አግድምና ሽቅብ ሰፍተው ቤቶቹን ይለዩ ነበር። ይህ ዘዴ ለሉዊስ ቅጂዎች በጣም ይስማማል፤ ጨርቁ መንሸራተትን ይከላከላል፣ ስፋቱም በባለቤቱ ፈቃድ ይሆናል። ሁለት ማሻሻያዎች ግን ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ጠጠሮችዎ ቀይና ነጭ ከሆኑ ጨርቁ ቀይ መሆን የለበትም፤ ጥቁር ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ይሁን። ሁለተኛ፣ በዘመናዊው ደንብ ጳጳሱ በሰያፍ ርቆ ስለሚሄድ ቀለም በሌለው ሰሌዳ ላይ መንገዱን ማየት ያስቸግራል፤ ስለዚህ በየሁለተኛው ቤት መሐል ላይ ትንሽ ነጥብ በክር ይስፉ። ጥብጣቡም ቦታ እንደሚበላ አይርሱ፤ ባለ 56 ሚሊሜትር ቤት ከፈለጉና ጥብጣቡ 4 ሚሊሜትር ከሆነ፣ መስመሮቹን ከመሐል እስከ መሐል በ60 ሚሊሜትር ርቀት ላይ ያስምሩ።