ካናቢስ በካናዳ ተፈቅዷል፤ በሥራ ቦታስ?

በካናዳ ለመዝናኛ የሚወሰድ ካናቢስ ሕጋዊ የሆነው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 2018 ነው። አዲስ መጤን የሚያሳስተው «ተፈቅዷል» የሚለው ቃል ነው። ሕጉ ዕድሜው የደረሰ ሰው በአደባባይ እስከ 30 ግራም ደረቅ ካናቢስ እንዲይዝ ፈቅዷል፤ ዕድሜው በአልበርታ 18፣ በኩቤክ 21፣ በሌሎቹ ክፍላተ ሀገር 19 ነው። ቀጣሪ ግን በሥራ ሰዓት መጠቀምንም ሆነ ደንዝዞ መግባትን መከልከል ይችላል።

ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የድርጅቱን የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ መመሪያ ጠይቃችሁ አንብቡ። ከፈረቃ በፊት ስንት ሰዓት መታቀብ እንዳለባችሁ፣ ምርመራ መቼ እንደሚታዘዝ፣ የታዘዘ መድኃኒት ለማን እንደሚነገር ፈልጉበት። ፎርክሊፍት ወይም የጭነት መኪና የምትነዱ ከሆነ መመሪያው ይበልጥ ጥብቅ ይሆናል።

የሽንት ምርመራ ያለፈ አጠቃቀምን እንጂ የአሁን ድንዛዜን አይለካም። በካናቢስ ውስጥ ያለው፣ ቲኤችሲ የተባለው የሚያደነዝዝ ንጥረ ነገር በሰውነት ስብ ውስጥ ስለሚከማች፣ አዘውትሮ በሚጠቀም ሰው ሽንት ውስጥ ቅሪቱ ለሳምንታት ሊገኝ ይችላል። «ቅዳሜ ማታ ነበር» ማለት ብዙ ጊዜ አያድንም።

ከሚጨሰው ይልቅ የሚበላው ያሰጋናል። ስሜቱ ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ይዘገያል፤ «አልሠራልኝም» ብሎ የደገመ ሰው ሁለቱ አንድ ላይ ይመጡበታል። ድንዛዜው እስከ 12 ሰዓታት ያህል ስለሚቆይም እኩለ ሌሊት የበላ ጠዋት ማሽን ላይ ደንዝዞ ሊቆም ይችላል። በእረፍት ክፍል ቸኮሌት ወይም ከረሜላ ሲቀርብላችሁ ማሸጊያውን አገላብጡ፦ ቀይ፣ ባለ ስምንት ማዕዘን፣ የካናቢስ ቅጠል ያለበት ምልክት ካለው አትንኩት። ቤት ውስጥ የተጋገረው ምልክት የለውም፤ ምን እንዳለበት ሳትጠይቁ አትቅመሱ።

ሐኪም ካዘዘላችሁ ወይም ሱስ ካለባችሁ አደጋ ሳይደርስ ተናገሩ። ቀጣሪ አቅሙ በፈቀደ መጠን ሥራውን ሊያመቻችላችሁ ግዴታ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2017 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ኮኬይን መጠቀሙን ከአደጋ በፊት ያላሳወቀ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ መባረርን አጽንቷል።

መኪና ላይ ደግሞ ጉዳቱ ከሥራ ያልፋል። ከዲሴምበር 18 ቀን 2018 ወዲህ ደንዝዞ መንዳት እስከ 10 ዓመት እስራት ሊያስቀጣ ስለሚችል፣ ቋሚ ነዋሪን እንኳ የመኖሪያ ፈቃዱን ሊያሳጣው ይችላል። እንዲህ ያለ ክስ ከመጣባችሁ፣ ጥፋተኛ ነኝ ከማለታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ወደ አሜሪካ የምትሻገሩ ሹፌሮችም፣ አንድ ግራም እንኳ በኪሳችሁ ይዛችሁ ድንበር እንዳትደርሱ።