ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት፦ አዲስ ዴስክቶፕ ሲጠፋና ሲደርቅ

ባሕር ዳር ላይ አዲስ ኮምፒውተር በራሱ እየጠፋ ያስቸገረው ሰው የሚሰማው ሁለት መልስ ነው። ጎረቤት «መብራቱ ነው» ይለዋል፤ ጥገና ቤት «ፎርማት እናድርገው» ይለዋል። መብራቱ አንዳንዴ በእርግጥ ጥፋተኛ ነው። ፎርማት ግን ከተገዛ ወር ባልሞላው ማሽን ላይ የሚሠራው ከስንት አንዴ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ማስረጃውን ከነፎቶውና ከነሰነዱ ጠራርጎ ይወስድና ችግሩን እዚያው ይተወዋል።

ስለዚህ ማንም ካቻቪቴ ከማንሳቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይመለስ፦ ማሽኑ የሚጠፋው እንዴት ነው? ሶኬቱ እንደተነቀለ ድርግም ይላል? ሰማያዊ የስህተት ገጽ (በቅርብ የዊንዶውስ 11 ዕትሞች ጥቁር) አሳይቶ እንደገና ይነሣል? ምስሉ ባለበት ደርቆ ማውሱም አልንቀሳቀስ ይላል? ወይስ ማሽኑ ደህና ሆኖ አንድ ፕሮግራም ብቻ ድንገት ይዘጋል? የአጠፋፉ ዓይነት ከየት መፈለግ እንደሚጀመር ይነግራል። ለጥቂት ቀናት ሰዓቱን፣ ያኔ የተከፈተውን ፕሮግራምና በቤቱ ውስጥ ምን ተሰክቶ እንደነበር ወረቀት ላይ ይጻፉ። ዊንዶውስም የራሱን ማስታወሻ ይይዛል፦ በመፈለጊያው ውስጥ ሪላያቢሊቲ ሞኒተር የሚለውን ሲከፍቱ እያንዳንዱ ቀን የደረሰበትን አደጋ በቀይ ምልክት ያሳያል። ኢቨንት ቪወር በሚባለው ሌላው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ካዩ አይደናገጡ። ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ጠፋ ማለት ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ እርስዎም ያውቁታል።

ሶኬቱ እንደተነቀለ ድርግም ሲል

መጀመሪያ የክፍሉን አምፖል ይመልከቱ። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አምፖሉም አብሮ ከተርገበገበ ጉዳዩ ከግድግዳው ወዲያ ነው። አምፖሉ ምንም ሳይሆን ኮምፒውተሩ ብቻ ከጠፋ ወደ ኬዙ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖል የቮልቴጅ መውረድን ስለሚደብቅ የድሮው ዓይነት ባለ ክር አምፖል የተሻለ ምስክር ነው።

ከግድግዳው ወዲያ ያለው ጥፋተኛ በእኛ ከተማ ብዙ ጊዜ ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋትና ከዚያም በላይ ይስባል። በፖሊም ሆነ በፔዳ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች አካባቢ፣ ተማሪዎች በሚከራዩባቸው ግቢዎች ብዙ ክፍል በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል፤ ከዋናው ቤት እስከ መጨረሻው ሰርቪስ ክፍል የተዘረጋው ሽቦም ቀጭን ነው። ምጣዱ ሲሰካ የመጨረሻው ክፍል ቮልቴጅ ይወርዳል። የበዓል ዋዜማ ሲሆን ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ይጋግራል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በቴስተር የእርስዎን ሶኬት ምጣዱ ሳይሰካና ከተሰካ በኋላ ይለካ። መደበኛው 220 ቮልት ነው፤ በሁለቱ ልኬቶች መካከል ሰፊ ልዩነት ካለ ሽቦው ቀጭን ነው ወይም አንዱ መጋጠሚያ ላልቷል። የላላ መጋጠሚያ እሳትም ስለሚያስነሳ ለኮምፒውተሩ ብቻ ሳይሆን ለቤቱም ሲባል የሚታለፍ ነገር አይደለም። ርካሽ ማከፋፈያም በዚሁ ይጠረጠራል፤ ኮምፒውተሩን ለአንድ ቀን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክተው ይሞክሩ።

አብዛኛው ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ (ኬዙ ውስጥ ሆኖ ለክፍሎቹ ኃይል የሚያድለው ሳጥን) ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የቮልቴጅ ዝቅ ማለት ብቻውን ላያጠፋው ይችላል። የሚያጠፋው የቅጽበት መቋረጥ ነው። ደህና የተሠራ ፓወር ሰፕላይ መብራቱ ከተቋረጠ በኋላ ማሽኑን አቆይቶ የሚይዘው ለ16 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አይቆይም። ሰው ሁሉ የሚገዛው ስታቢላይዘር ይህን አይፈታም። ባትሪ ስለሌለው ከፍና ዝቅ ያለውን ቮልቴጅ ከማስተካከል አልፎ የተቋረጠውን መሙላት አይችልም፤ ይባስ ብሎ «ቀጭ» እያለ ደረጃ በቀየረ ቁጥር የራሱን ትንሽ መቋረጥ ይጨምራል። በእኔ ግምት ያ ገንዘብ ለዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲቋረጥ በባትሪ ለሚተካው መሣሪያ፣ ቢውል ይሻላል። ዩፒኤስ ሲገዙ ቪኤ የሚለውን ቁጥር ዋት አድርገው አያንብቡት፤ 650 ቪኤ የተጻፈበት ብዙውን ጊዜ የሚሸከመው ከ400 ዋት በታች ነው። ሌዘር ማተሚያ በባትሪው በኩል በጭራሽ አይሰካ። ዩፒኤስ ገብቶለትም ልክ መብራት በጠፋበት ቅጽበት ኮምፒውተሩ አብሮ የሚጠፋ ከሆነ፣ ወይ ጭነቱ ከአቅሙ በላይ ነው፣ ወይ ባትሪው አርጅቷል፣ ወይም ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው ደረጃ ደረጃ ያለው ሞገድ ከፓወር ሰፕላይዎ ጋር አልተስማማም። ለመጨረሻው መፍትሄው ንጹሕ ሳይን ሞገድ የሚሰጥ ዩፒኤስ ነው።

ኬዙን ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ የመሬት መስመር የለም ማለት ነው። ባለ ሦስት እግሩን መሰኪያ በሁለት እግር አስማሚ መሰካት የተለመደ ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። የመሬት መስመሩን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሥራው።

አምፖሉ ሳይነቃነቅ፣ በተለይም ከባድ ጨዋታ ወይም የቪዲዮ ሥራ ሲጀመር ድርግም ካለ ፓወር ሰፕላዩን ይጠርጥሩ። በርካሽ ኬዝ ውስጥ ተገጥሞ የሚመጣው «500 ዋት» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ይኖረዋል። ያንን ትተው በጎኑ ካለው ሠንጠረዥ የ12 ቮልቱን አምፔር ያንብቡ። 20 አምፔር ካለ በ12 ሲባዛ 240 ዋት ነው፤ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚኖሩት ከሞላ ጎደል በዚህ መስመር ላይ ነው። ዘመናዊ ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ለቅጽበት ከተጻፈለት በላይ ይስባል። ሁለት ባለ ስምንት እግር መሰኪያ ያለው ካርድ ከአንድ ገመድ ጫፍ ተከፍሎ ከተሰካ ሁለት የተለያዩ ገመዶች ይሰጡት። በአዳዲስ ካርዶች ላይ ያለው ትንሹ ባለ ብዙ እግር መሰኪያ እስከ መጨረሻው መግባቱን በዓይን ያረጋግጡ፤ በከፊል የገባው ይሞቃል፣ ቆይቶም ይቀልጣል።

ሙቀትም በተመሳሳይ መንገድ ያጠፋል፤ ልዩነቱ ጊዜ መውሰዱ ነው። ሥራው ሲከብድ ወዲያው ከጠፋ ኃይል፣ ከደቂቃዎች በኋላ ከጠፋ ሙቀት ብለው ይጀምሩ። የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ከፍተው ቁጥሩን ይከታተሉ። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ፣ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ዓይነቶች 95 ላይ ራሳቸውን ያዘገያሉ። ምንም ሳይሠራ 70 እና 80 የሚያሳይ አዲስ ማሽን የማቀዝቀዣው አገጣጠም ተበላሽቷል፤ ከማቀዝቀዣው ሥር መላጥ የነበረበት ፕላስቲክ ሳይላጥ ተገጥሞ የሚገኝበትም ጊዜ አለ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በአንድ ስድስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ይህ ይታወቃል። ስለዚህ በፋብሪካ መጽሔት ላይ «በቂ» የተባለ ትንሽ ማቀዝቀዣ እዚህ ላይበቃ ይችላል። ፊቱ በመስታወት የተዘጋ፣ አየር መሳቢያ የሌለው ኬዝ ደግሞ ለዓይን እንጂ ለሥራ አልተሠራም። በክረምት ማታ ያ ሁሉ ባለ ቀለም መብራት የሐይቁን ዳር ትንኝ እየጠራ ያስገባል፤ መብራቱን ያጥፉት፣ የፊት ማጣሪያውንም በየጊዜው ያራግፉ።

ሰማያዊ ገጽ ሲመጣ

በሰማያዊው ገጽ ግርጌ ያለውን የስህተት ስም በስልክ ፎቶ ያንሡ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስም ከመጣና የአንድ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከአንድ ዕቃ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ፋይል ከተጠራ ያንን ድራይቨር ከማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል ከሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ወይም ከካርዱ አምራች ገጽ አውርደው ይለውጡ። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ ስም ከመጣ ራሙን፣ ማለትም ጊዜያዊ ሚሞሪውን፣ ይጠርጥሩ።

በአዲስ ማሽን ላይ ራም የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ አይደለም። ሳጥኑ ላይ 6000 የተጻፈበት ዲዲአር5 ራም በራሱ የሚነሣው በ4800 አካባቢ ነው፤ 6000 የሚደርሰው ባዮስ ውስጥ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚባለው ሲበራ ነው። ያ ከመደበኛው በላይ ማስሮጥ ስለሆነ እያንዳንዱ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ ሊሸከመው አይገደድም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ ገንዘብ አያስወጣም፦ ኤክስኤምፒውን አጥፍተው ለሁለትና ሦስት ቀን እንደወትሮው ይጠቀሙ። ከተረጋጋ መልሱን አገኙ፤ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርገው ይቀጥሉ። ልዩነቱን በዕለት ሥራ ላይ የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው።

ካልተረጋጋ ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፍላሽ ላይ ጭነው ሌሊቱን ያስኬዱት። አንድም ስህተት ቢሆን ስህተት ነው፤ «ትንሽ ብቻ ነው» የሚባል ነገር በራም ላይ የለም። ስህተት ከመጣ ራሞቹን አንድ በአንድ ለብቻ ይፈትኑ፣ ከዚያ ደህናውን ራም በሌላኛው ማስገቢያ ይሞክሩ፤ ጥፋቱ የራሙ ወይስ የማስገቢያው መሆኑ በዚህ ይለያል። ሁለት ራም ብቻ ካለዎት በአብዛኛው ባለ አራት ማስገቢያ ማዘርቦርድ ላይ ቦታቸው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ነው። ከተለያየ ሱቅ የተለቃቀሙ ራሞች አቅማቸው እኩል ቢሆንም አብረው ላይሠሩ ይችላሉ። አራት ዲዲአር5 መሙላት ደግሞ ለብዙ ማሽን ከባድ ነው።

የባዮስ ማሻሻያ እንዲህ ያለውን የራም ችግር ብዙ ጊዜ ይፈታል፤ ነገር ግን እዚህ አገር ያለ ዩፒኤስ አይሞከርም። ማሻሻያው መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ጭራሽ ላይነሣ ይችላል። የነጎድጓድ ምሽት አይምረጡ። ከማሻሻያው በኋላ ዲዲአር5 ያለው ማሽን ራሙን እስኪለማመድ ለደቂቃዎች ጥቁር ስክሪን ሊያሳይ ይችላል፤ ሞተ ብለው አይንቀሉት።

ሲደርቅ ወይም ፕሮግራሙ ብቻ ሲዘጋ

ምስሉ ደርቆ የዲስኩ መብራት ሳይቋረጥ በርቶ ከቀረ ኤስኤስዲውን፣ ማለትም ዲስኩን፣ ይመልከቱ። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ጤንነቱን ያሳያል፤ አብሮም ስንት ሰዓት እንደሠራ ይናገራል። ትናንት «አዲስ» ተብሎ የተገዛ ዲስክ ሺህ ሰዓታት ከቆጠረ ውይይቱ ከሻጩ ጋር ነው።

ጨዋታው ብቻ ከተዘጋ የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር ሙሉ በሙሉ አጥፍተው እንደገና ይጫኑ። ከዚያ ሳይሻል ከቀረና ፕሮሰሰሩ የኢንቴል 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ከሆነ ግን እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። የእነዚህ ትውልዶች 65 ዋትና ከዚያ በላይ የሆኑ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ራሳቸውን ቀስ በቀስ ይጎዱ ነበር። ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ በባዮስ በኩል የሚመጣ የማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ ውስጣዊ መመሪያ) ማስተካከያ አወጣ፣ ለነዚህ ፕሮሰሰሮችም የዋስትና ጊዜውን በ2 ዓመት አራዘመ። ምልክቱ አሳሳች ነው፦ በቂ ሚሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ እያለ ጨዋታው «የቪዲዮ ሚሞሪ አልበቃም» ብሎ ይዘጋል፣ ወይም የታመቀ ፋይል ሲፈታ ስህተት ይመጣል። ሰው ግራፊክስ ካርዱን ይቀይራል፣ ችግሩ ይቀጥላል። ማስተካከያው ጉዳቱ ገና ያልደረሰበትን ያድናል፤ የተጎዳውን አይመልስም። ስለዚህ ማሽኑ «ደህና» ቢሆንም ባዮሱን ዛሬውኑ ያሻሽሉ፤ ምልክቱ ከታየ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ይቀየር።

ከመንገድ በኋላ

ከአዲስ አበባ ተገጣጥሞ የመጣ ማሽን የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ ነው የደረሰው፣ ምናልባትም በአውቶቡስ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተገልብጦ። ከባድ ግራፊክስ ካርድ ከማስገቢያው በትንሹ ይወጣል፣ ትልቅ ማቀዝቀዣ ብሎኑ ይላላል፣ ራም በአንድ ጫፉ ይነሣል። መርካቶ ሱቁ ውስጥ ሲሠራ የታየው ማሽን እዚህ ሲደርስ ማስቸገሩ የሻጩ ውሸት ላይሆን ይችላል። ከሶኬት ነቅለው፣ እጅዎን ብረት አስነክተው፣ ካርዱንና ራሙን አውጥተው «ቀጭ» እስኪሉ ይመልሱ፤ የማቀዝቀዣውን ብሎኖች በሰያፍ ተራ በተራ ያጥብቁ፤ የኃይልና የዲስክ ገመዶችን ገፋ ገፋ ያድርጉ። ከማንኛውም ፕሮግራም በፊት ይህን ማድረጉ ይመረጣል።

ሁሉንም ሲሞክሩ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። ባዮሱን፣ ራሙንና ድራይቨሩን በአንድ ማታ የቀየረ ሰው ማሽኑ ቢረጋጋም የትኛው እንደፈወሰው አያውቅም፤ ችግሩ ሲመለስ ከዜሮ ይጀምራል።

ሱቅ መመለስ ካለበት ወረቀቱን፣ የሰማያዊውን ገጽ ፎቶዎችና የሜምቴስቱን ውጤት ይዘው ይሂዱ፤ «ፎርማት እናድርገው» ለሚለው መልሱ ያ ነው። ሙሉውን ኬዝ ወደ አዲስ አበባ ከመጫን ይልቅ ጥፋተኛው ክፍል ብቻ በራሱ ሳጥን ቢላክ ይመረጣል፤ ኬዙ ራሱ መሄድ ካለበት ግራፊክስ ካርዱ ወጥቶ ለብቻው ይጠቅለል።