ስኳር እያለብን ዳቦ ሲያምረን ምን እናድርግ?

እናቴ ስኳር እንዳለባት የታወቀ ሰሞን ዳቦ ከቤታችን ጠፋ። ሐኪሙ ያላት «ቀንሺ» ነበር። እኛ ልጆቿ «ተይ» ብለን ተረጎምነው። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤት ቡና ተጠርታ ሄደች። ድፎው ገና ከኮባው ወጥቶ ይጨሳል። ሦስት ቁራሽ በላች። ማታ ስትለካ ስኳሯ 287 ሆነ (እዚህ ያሉት የስኳር ቁጥሮች ሁሉ በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ mg/dL፣ ናቸው)።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዳቦን ከቤት ማባረሩን ትተን ልክ ወደማበጀቱ ዞርን። ቀጥሎ ያለው እሷ ዘንድ የሠራው ነው።

መጀመሪያ፦ አምሮት ነው ወይስ ስኳር ወርዶ ነው?

ይህን ማንም እንዳይዘለው። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የሚወስድ ሰው በድንገት ረሃብ ከያዘው፣ ካላበው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠና ልቡ ከመታ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ መጠጣት ነው። ስኳር የሌለው ለስላሳ እዚህ ላይ አይጠቅምም። 15 ደቂቃ ቆይታችሁ እንደገና ለኩ። መለኪያ በአጠገባችሁ ከሌለም ምልክቱ ካለ አትጠብቁ። ዳቦ ለዚህ አይሆንም፤ እስኪፈጭ ጊዜ ይወስዳል። ሰውየው ራሱን ከሳተ ደግሞ አፉ ውስጥ ምንም አታድርጉ፤ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ይህ ሁሉ ከሌለ የያዛችሁ አምሮት ነው። አምሮት ደግሞ ሰዓት አለው። የእናቴ ጠዋት ከሻይ ጋርና ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ነው። የእናንተን ለሦስት አራት ቀን ታዘቡት፤ ባዶ ሆድ በቆያችሁበት ሰዓት እንደሚብስ ታያላችሁ። ቁርስ መዝለል ዳቦ ቤት በር ላይ ይጥላል።

ቀጥሎ ልኩን ማወቅ

100 ግራም ነጭ ዳቦ ውስጥ 50 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለ። ሻዩን ያለ ስኳር ጠጥቶ ሁለት ዳቦ መብላት እንግዲህ ምኑን ጥንቃቄ ሆነ? እናቴ ግማሿን ትቆርጥና ቀሪውን ሳትቀመጥ ለልጅ ትሰጣለች። ጠረጴዛ ላይ የተተወ ግማሽ ዳቦ ግማሽ ሆኖ አይቀርም።

«ጥቁር ዳቦ» በሚለው ስም ብቻ አትታለሉ። አንዳንዱ ቀለሙ ነው እንጂ ዱቄቱ ያው ፉርኖ ነው። ዳቦ ቤቱን «ፉርኖው ስንት እጅ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቤት የምትጋግሩ ከሆነ ስንዴውን አስፈጭታችሁ ፉርሽካውን ሳትነፉ ተጠቀሙ፤ ገብስ ብትቀላቅሉበት ደግሞ የተሻለ ነው። ጤፍም ቢሆን ነፃ ትኬት አይደለም። «ጤፍ እኮ ነው» እየተባለ ሦስት እንጀራ የሚበላበት ቤት አውቃለሁ።

ዳቦው መጨረሻ ይቅረብ

ጎመኑን፣ ሰላጣውን፣ እንቁላሉን ወይም አይቡን አስቀድሙ። ዳቦውን በመጨረሻ ብሉ። ያው ምግብ፣ ያው መጠን ሆኖ ቅደም ተከተሉ ብቻ ሲቀየር የደም ስኳሩ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል። ከበሉ በኋላ ደግሞ 10 ወይም 15 ደቂቃ በእግር መንቀሳቀስ ነው። እናቴ ግቢውን ትዞራለች፤ ዝናብ ከሆነ ኮሪደሩን።

ምትኩ፦ የሽምብራ ቂጣ

ብዙ ነገር ሞክረናል። የዳቦን ቦታ እውነት የያዘው ይሄ ነው። ፉርኖ በ100 ግራሙ 75 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬትና 10 ግራም ገደማ ፕሮቲን ሲኖረው፣ የሽምብራ ዱቄት 58 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት፣ ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲንና ብዙ አሰር አለው። ስለዚህ ቶሎ ያጠግባል። እሱም ግን ይቆጠራል።

ዱቄቱ ለሽሮ የተቀመመው ሳይሆን ጥሬው ሽምብራ ተከክቶ የተፈጨው ነው። አንድ ኩባያ ዱቄት ላይ አንድ ኩባያ ውሃ ቀስ በቀስ እያፈሰሳችሁ እንዳይጓጉል በጥብጡ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨው፣ ቆንጠር ጥቁር አዝሙድ፣ ደቆ የተከተፈ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሩ። ግማሽ ሰዓት ይረፍ። እኛ መጀመሪያ ይህን ዘለልንና ቂጣው መሐሉ እየተሰነጠቀ አስቸገረን።

የማያጣብቅ መጥበሻ ዘይት አስነክታችሁ በደንብ አግሉ፤ አንድ ጭልፋ አፍስሱና መጥበሻውን አዘንብላችሁ አዳርሱት። መካከለኛ እሳት ይበቃል። ጠርዙ ከመጥበሻው ሲላቀቅና ላዩ ሲደርቅ ገልብጡት። ለእያንዳንዱ ፊት ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ስጡት። ካልበሰለ ጥሬ ጥሬ ይሸታል፤ የሚያስጠላው ያኔ ነው። የጥቁር አዝሙዱ ሽታ ሲወጣ ግን የድፎን ነገር ያስታውሳል። ለእናቴም ግማሹ አምሮት ሽታው ነበር።

ጾመኛ ለሆነ ሰው ሌላም ጥቅም አለው፤ እንቁላሉና አይቡ በጾም ሲከለከል ይሄ ይበላል። ከአቮካዶ ወይም ከጎመን ጋር ይሄዳል። እስከ ከሰዓት የምትጾሙ ግን የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን አስቀድማችሁ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ለቡና ሰዓት ደግሞ አንድ ጭብጥ ለውዝ ወይም የሽምብራ ቆሎ በትንሽ ሰሃን ቀንሳችሁ ያዙ። ከትልቁ ሰሃን እየዘገኑ ወሬ ከተጀመረ የሚቆጥር የለም።

መለኪያው ይናገር

የአንዱ ሰውነት የሌላው አይደለም። አዲስ ነገር ስትሞክሩ ከመብላታችሁ በፊት ለኩ፤ ከመጀመሪያው ጉርሻ ሁለት ሰዓት በኋላ ድገሙት። ለብዙ ሰው ከ180 በታች ጥሩ ነው፤ የእናንተን ልክ ሐኪማችሁ ይንገራችሁ። የበላችሁትን ከቁጥሩ ጎን ጻፉ።

እናቴ ለዚህ የልጅ ልጇን አሮጌ ደብተር ወስዳለች። ያለፈው እሑድ ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ «ድፎ፣ አንድ ቁራሽ፣ ከጎመን በኋላ። 164።» ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።