የምድር ትልን ለአበባ መደብ ሲጠቀሙ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የአበባ መደባቸው አፈር የተዳከመባቸው ብዙ ሰዎች የምድር ትል ገዝተው መሬቱ ላይ ከበተኑ በኋላ አፈሩ በራሱ እንዲያገግም ይጠብቃሉ። ከስህተቶቹ ሁሉ የሚከፋው ይኸው ነው። ትል የሚራባው ምግብ፣ እርጥበትና አየር ባገኘበት አፈር ውስጥ በመሆኑ፣ እነዚህ በሌሉበት መደብ ላይ የተለቀቀ ትል ወይ ይሞታል፣ ወይ የተሻለ ቦታ ፍለጋ ይሄዳል። በአንጻሩ አፈሩን በደረቀ ቅጠልና በሚገባ በበሰለ ኮምፖስት የሚመግብ ሰው፣ በአካባቢው ትል እስካለ ድረስ፣ አንድም ሳይገዛ ቁጥሩ ሲጨምር ያያል።

ሁለተኛው ስህተት የትል ዝርያዎችን ሁሉ እንደ አንድ መቁጠር ነው። ለሽያጭ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ አይሴንያ ፌቲዳ የተባለው ቀይ የኮምፖስት ትል ሲሆን፣ ይህ ዝርያ የሚኖረው በፍግና በሚበሰብስ የእጽዋት ክምር ውስጥ እንጂ በተራ አፈር ውስጥ አይደለም። ውኃና አየር ወደ አበባው ሥር የሚወርድባቸውን መተላለፊያዎች የሚሠሩት ሌሎች ናቸው፦ ከፊሎቹ በላይኛው የአፈር ክፍል ውስጥ ወደ ጎን እየቆፈሩ አፈር ከነብስባሹ ይመገባሉ፤ እንደ ሉምብሪከስ ቴረስትሪስ ያሉት ደግሞ ከ1 ሜትር በላይ ሊጠልቅ የሚችል ጉድጓድ ቁልቁል ቆፍረው፣ ሌሊት ወደ ላይ እየወጡ የወደቀ ቅጠል ጎትተው ያስገባሉ። ስለዚህ ቀዩን ትል በኮምፖስት ሣጥን ውስጥ አርብቶ ኩሱን ብቻ ወደ መደቡ መውሰድ ይሻላል። የአበባ ማሰሮም ለማንኛውም ትል የሚመች ቤት አይደለም፤ ጠባብ ነው፣ ቶሎ ይሞቃል፣ ምግቡም ወዲያው ያልቃል።

ሦስተኛው፣ መደቡን በየወቅቱ በጥልቀት መገልበጥ ነው። ዶማው ትሎቹን ከመቁረጡም በላይ፣ ቀስ በቀስ የተሠሩትን መተላለፊያዎች በአንድ ጊዜ ይደመስሳል። የተቆረጠ ትል ሁለት ትል ይሆናል የሚለው አባባል ብዙዎችን ያጽናናል፤ እውነታው ግን በአንዳንድ ዝርያዎች የጭንቅላቱ ወገን የጠፋውን ጅራት መልሶ ሊያበቅል ቢችልም፣ የጅራቱ ወገን አብዛኛውን ጊዜ የሚሞት መሆኑ ነው። የተጠቀጠቀ አፈርን ማላላት ካስፈለገ፣ ሳይገለብጡ በመንሽ ብቻ ወጋ ወጋ ማድረግ ይበቃል።

አፈሩን ራቁቱን መተውም ሌላው ስህተት ነው። ትል የሚተነፍሰው በቆዳው በመሆኑ ቆዳው ከደረቀ ይታፈናል፤ ፀሐይ የሚያገኘው መሬት ላይም ሊቆይ አይችልም። ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የቅጠል ወይም የገለባ ጉዝጓዝ እርጥበቱንም ምግቡንም ያቀርባል፤ ሆኖም የአበባው ግንድ እንዳይበሰብስ ጉዝጓዙ ከግንዱ ትንሽ መራቅ አለበት። ውኃ ማብዛት ደግሞ በተቃራኒው ይጎዳል፤ ውኃ የተኛበት አፈር ኦክስጅን ስለሚያጣ ትሎቹ ጥለውት ይወጣሉ።

ጥቂት የማይባሉ አትክልተኞች በአንድ እጃቸው ትል እያረቡ በሌላው መርዝ ይረጫሉ። መዳብ ያለባቸው የፀረ-ፈንገስ መድኃኒቶች በአፈር ውስጥ እየተከማቹ ትሉን ይጎዳሉ፤ ካርባሪል የተባለው ፀረ-ተባይም ለትል መርዛማ ነው። አሞኒየም ሰልፌት የተባለውን ማዳበሪያ በተደጋጋሚ መጨመር አፈሩን አሲዳማ ያደርገዋል፤ አብዛኞቹ ዝርያዎች ደግሞ ከገለልተኛ ብዙም ያልራቀ አፈር ይመርጣሉ። ይህ ሲባል ግን፣ አሲዳማ አፈር በሚወዱ እንደ አዛሊያ ባሉ አበቦች መደብ ላይ ለትል ሲባል አሲዳማነትን የሚቀንስ ኖራ መጨመር ተክሉን ራሱን መበደል ይሆናል።

ትኩስ ፍግ መጨመርም ጎጂ ነው፤ በሚበሰብስበት ጊዜ የሚፈጥረው ሙቀትና አሞኒያ ትሉን ይገድላል። የትል ኩስ ቢሆንም ሲበዛ ይጠቅማል ማለት አይደለም፤ በማሰሮ አፈር ውስጥ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው መጠን በቂ ነው።

በመጨረሻም፣ የተረፈን ትል ጫካ ውስጥ መልቀቅ አይገባም። የሰሜን አሜሪካ ሰሜናዊ ደኖች ካለፈው የበረዶ ዘመን ወዲህ ያለ አገር በቀል ትል የኖሩ በመሆናቸው፣ በሰው አማካይነት የገቡት ትሎች የወደቀውን የቅጠል ንጣፍ ፈጥነው በመብላት በሥሩ የሚበቅሉትን የዱር አበቦች ለጉዳት ዳርገዋል። ከእስያ የመጡትና ሲነኩ የሚፈናጠሩት የአሚንታስ ዝርያዎች በዚህ ይብሳሉ፤ እንቁላላቸው ከተክልና ከኮምፖስት ጋር ስለሚጓዝ፣ ምንጩ ያልታወቀ አፈር ወደ መደብ ማስገባትም በዚሁ ምክንያት አይመከርም።