የንግድ ቅናሽና የጥሬ ገንዘብ ቅናሽ፦ ከዋጋ ዝርዝር እስከ መጨረሻው ክፍያ

ቸርቻሪ ከአከፋፋይ ዕቃ ሲገዛ ሁለት ዓይነት ቅናሽ ያጋጥመዋል። የንግድ ቅናሽ ኢንቮይሱ ከመቆረጡ በፊት ያለቀ ነገር ነው፤ ገዢው ነጋዴ ስለሆነ ወይም ብዙ ስላነሳ ከዝርዝር ዋጋው ላይ ይነሳለታል፣ መቼም ይክፈል መቼ አይቀርበትም። የጥሬ ገንዘብ ቅናሽ ግን ኢንቮይሱ ከተቆረጠ በኋላ የሚመጣ ነው፤ በቀኑ የከፈለ ያገኘዋል፣ ያሳለፈ ያጣዋል። በሒሳብ መተማመኛ ቀን የሚነሳው ጭቅጭቅ አብዛኛው የሚመጣው ሁለቱን ከማደባለቅ ወይም ቅደም ተከተላቸውን ከማፋለስ ነው።

እስከ መጨረሻው የምንጠቀምበት ምሳሌ ይኸው። አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ 40 ባልዲ ቀለም ያዛል። የአንዱ ባልዲ ዝርዝር ዋጋ ከቫት በፊት 4,500 ብር ነው እንበል፤ ድምሩ 180,000 ብር። አከፋፋዩ ለቸርቻሪ 20 በመቶ፣ ለብዛቱ 10 በመቶ፣ የወቅት ማስተዋወቂያ ብሎ ደግሞ 5 በመቶ ይቀንሳል።

ተከታታይ ቅናሽ አይደመርም

20፣ 10 እና 5 ሲደመሩ 35 ይሆናሉ፤ ቅናሹ ግን 35 በመቶ አይደለም። ሁለተኛው ቅናሽ የሚነሳው ከመጀመሪያው ቅናሽ በኋላ ከቀረው ላይ፣ ሦስተኛውም ከዚያ ከቀረው ላይ ነው። አጭሩ መንገድ የሚቀነሰውን ትቶ የሚቀረውን ማባዛት ነው። 20 ሲቀነስ 0.80 ይቀራል፣ 10 ሲቀነስ 0.90፣ 5 ሲቀነስ 0.95። ሦስቱን ያባዙ፦

0.80 × 0.90 × 0.95 = 0.684

ከዝርዝር ዋጋው የሚከፈለው 68.4 በመቶ ነው ማለት ነው። ሦስቱን የሚተካው አንድ ቅናሽ ከ100 ላይ 68.4 ሲነሳ የሚገኘው 31.6 በመቶ ነው። የተጣራው ዋጋ 180,000 × 0.684 = 123,120 ብር። ደምሮ 35 በመቶ ያነሳ ሰው 117,000 ብር ብቻ ያዘጋጃል፤ ሒሳብ ሲደርስ 6,120 ብር ይጎድለዋል።

በንግድ ቅናሾቹ መካከል የትኛው ይቅደም የሚለው ለውጥ አያመጣም። 5 ቀድሞ 20 ቢከተል ውጤቱ ያው 0.684 ነው። ስለዚህ «ትልቁን መጀመሪያ አንሳልኝ» ብሎ መከራከር ትርፍ የለውም።

በካልኩሌተር ሲሠሩ 180000 ብለው በ0.8፣ በ0.9፣ በ0.95 በተከታታይ ቢያባዙ ይሻላል። የፐርሰንት ቁልፉ እንደ መሣሪያው ይለያያል፤ በተለመደው የሱቅ ካልኩሌተር 180000 − 20 ፐርሰንት ብለው ሲጫኑ 144,000 ይሰጥዎታል፣ አንዳንዱ ግን 20 ፐርሰንትን 0.2 አድርጎ ወስዶ 179,999.8 ያወጣል። በማይታወቅ ካልኩሌተር ላይ መጀመሪያ በ100 ብር ይሞክሩት።

ማጠጋጋት የመጨረሻው ሥራ ይሁን። ሲሶ ቅናሽ ሲሰጥ የሚቀረው ሁለት ሦስተኛ ነው፤ 0.67 ብለው ካጠጋጉት 180,000 ብሩ 120,600 ይሆናል፣ ትክክለኛው ግን 120,000 ነው። 600 ብር በአንዲት አኃዝ ምክንያት ሄደ። ለሲሶ በ2 አባዝቶ ለ3 ማካፈል ነው።

በገበያ የተለመደው «10 ለገዛ 1 በነፃ» የሚባለውም የንግድ ቅናሽ ነው፤ ግን 10 በመቶ አይደለም። 11 ወስደው የ10 ዋጋ ስለሚከፍሉ ቅናሹ 1 ለ11 ሲካፈል፣ ማለትም 9.09 በመቶ ነው። በእኛ ባልዲ አንዱ 4,090.91 ብር ይወድቃል፤ ቀጥታ 10 በመቶ ቢነሳልዎ 4,050 ይሆን ነበር። ነፃው ዕቃ የማይሸጥ ከሆነ ደግሞ ያው ቅናሹ የለም። «ከ100 ባልዲ በላይ 5 በመቶ» ሲባልም ቅናሹ በጠቅላላው ላይ ነው ወይስ ከ100 በላይ ባለው ብቻ? ከማዘዝዎ በፊት ይጠይቁ።

ቫት የሚገባው የት ላይ ነው

15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው የንግድ ቅናሹ ከተነሳ በኋላ በቀረው ዋጋ ላይ ነው። 123,120 × 0.15 = 18,468 ብር፤ ከቫት ጋር 141,588 ብር። በዝርዝር ዋጋው ላይ ተሰልቶ ቢሆን ቫቱ 27,000 ብር ይሆናል፣ ማለትም 8,532 ብር በትርፍ ተከፈለ። ለዚህ ሲባል ቅናሹ በደረሰኙ ላይ በግልጽ ይታይ፤ በቃል ብቻ የተነገረ ቅናሽ ለሒሳብ ሠራተኛውም ለግብር ሰብሳቢውም አይታይም።

ዋጋው ቫትን ጨምሮ ከተነገረዎ ወደኋላ ሲመለሱ ለ1.15 ያካፍሉ እንጂ 15 በመቶ አይቀንሱ። 141,588 ለ1.15 ሲካፈል 123,120 ይመጣል። 15 በመቶ የቀነሰ ግን 120,349.80 ያገኛል፤ ልዩነቱ 2,770.20 ብር ነው።

2/10፣ ኔት 30

በኢንቮይሱ ግርጌ እንዲህ ተብሎ ከተጻፈ፣ በ10 ቀን ውስጥ የከፈለ 2 በመቶ ይነሳለታል፣ ያልቻለ በ30 ቀን ውስጥ ሙሉውን ይከፍላል ማለት ነው። የጥሬ ገንዘብ ቅናሽ ቢባልም ብሩ በእጅ መቆጠር የለበትም፤ በባንክ ማስተላለፍም ያው ነው። ቀኑ ወደፊት የተጻፈ ቼክ ግን እንደ ክፍያ አይቆጠርም፤ በ9ኛው ቀን የ25ኛውን ቀን ቼክ ሰጥቶ ቅናሽ የሚጠይቅ ገዢ ብዙ ነው፣ ሻጩ አልቀበልም ቢል አይፈረድበትም።

2 በመቶው የሚሰላው በዕቃው የተጣራ ዋጋ ላይ ነው፦ 123,120 × 0.02 = 2,462.40 ብር። አከፋፋዩ ለአጓጓዥ ከፍሎ በሒሳቡ ላይ የጨመረው 3,000 ብር አለ እንበል። ያ ሻጩ ለሌላ ሰው የከፈለው ገንዘብ ስለሆነ ቅናሽ አይነካውም። ጠቅላላው ሒሳብ 123,120 + 18,468 + 3,000 = 144,588 ብር ነው፤ በ10 ቀን የሚከፈለው ደግሞ 144,588 − 2,462.40 = 142,125.60 ብር።

እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት ከታች ያለውን ድምር በ2 በመቶ መምታት ነው። 2,891.76 ይመጣል፤ ከትክክለኛው በ429.36 ብር ይበልጣል። ከዚህ ውስጥ 60 ብሩ የትራንስፖርቱ፣ 369.36 ብሩ የቫቱ ነው። የቫቱ 369.36 በእርግጥ አከራካሪ ነው፤ ሻጩ ቅናሹን በክሬዲት ኖት (ከሒሳቡ ላይ መቀነሱን በሚገልጽ የሻጭ ሰነድ) መዝግቦ ቫቱንም አብሮ ካስተካከለ ገዢው ያንን ያህል አሳንሶ ሊከፍል ይችላል። ያለ ሰነድ ግን ቫትን በራስ ሥልጣን መቀነስ አይቻልም፤ በደረሰኙ ላይ ያለው ቫት 18,468 ነውና። ይህን ዕቃው ከመጫኑ በፊት በጽሑፍ መስማማት ነው።

ቅድመ ግብር ቀንሶ የማስቀረት ግዴታ ያለበት ድርጅት የሚያስቀረው ገንዘብም ቅናሽ አይደለም። ለሻጩ ግብር በስሙ የሚገባ ክፍያ ስለሆነ፣ የቅድመ ግብሩ ደረሰኝ ከተሰጠው ሻጩ «ጎደለ» ብሎ የ2 በመቶውን ቅናሽ መከልከል አይገባውም።

ቀኑን መቁጠር

ኢንቮይሱ የተቆረጠበት ቀን አይቆጠርም፤ ማግስቱ 1 ተብሎ ይጀመራል። በእኛ ዘመን አቆጣጠር ሥራው ቀላል ነው። በቀኑ ላይ 10 ደምሮ ከ30 ካለፈ 30 መቀነስ ነው። ሐምሌ 24 የተቆረጠ፦ 24 + 10 = 34፣ ሲቀነስ 4፤ የቅናሹ መጨረሻ ነሐሴ 4። የ30 ቀኑ ገደብ ደግሞ ያው ቁጥር በሚቀጥለው ወር፣ ነሐሴ 24 ነው።

የሚያሳስተው ጳጉሜ ነው። ነሐሴ 24 የተቆረጠ ኢንቮይስ ቅናሹ ጳጉሜ 4 ያበቃል እንጂ መስከረም 4 አይደለም። የ30 ቀኑ ገደብም መስከረም 24 ሳይሆን መስከረም 19 ነው፤ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስ ደግሞ መስከረም 18። ለበዓል ገበያ ብዙ ዕቃ የሚገባው በዚሁ ሰሞን ነውና በዚህ የሚያልፍ ቅናሽ ጥቂት አይደለም። ኢንቮይሱ በፈረንጅ ቀን ከተጻፈ ግን ወሮቹ 28 (ወይም 29)፣ 30 እና 31 ስለሚሆኑ በዚያው አቆጣጠር ይቁጠሩ፤ መጀመሪያ አንዱን መርጦ ከዚያ መቁጠር እንጂ መሃል ላይ መቀያየር ስህተት ይጋብዛል።

ሌሎች ሁለት አነጋገሮች አሉ። «2/10 ከወር መጨረሻ» ከተባለ ቆጠራው ወሩ ሲያልቅ ይጀምራል፤ ጥቅምት 12 የተቆረጠው እስከ ኅዳር 10 ይከፈላል። «2/10 ዕቃው ከደረሰ» ከተባለ ደግሞ ቆጠራው ከርክክቡ ማግስት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ጅግጅጋ ለሚጫን ዕቃ ይህኛው ይሻላል፤ መኪናው መንገድ ላይ ሳለ 10 ቀኑ እንዳያልቅ። ታዲያ የመረከቢያው ሰነድ ላይ ቀኑ በግልጽ ይጻፍ።

ዕቃ ሲመለስና ከፊል ሲከፈል

አራት ባልዲ ክዳኑ ተሰንጥቆ ተመለሰ እንበል። ተመላሹ መጀመሪያ ይነሳል፣ ቅናሹ ከዚያ ይከተላል። ተመላሹ የሚታሰበው በተገዛበት በተጣራው ዋጋ ነው፦ 4 × 4,500 × 0.684 = 12,312 ብር። በዝርዝር ዋጋ 18,000 ብር ብሎ የሚቀንስ ገዢ ያልከፈለውን 5,688 ብር እየጠየቀ ነው። ከተመላሹ በኋላ የቀረው 110,808 ብር፣ የ2 በመቶው ቅናሽ 2,216.16 ብር። የተመለሰው ዕቃ ቫትም በክሬዲት ኖቱ አብሮ ይነሳል።

ከፊል ክፍያ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ምንም ዕቃ ሳይመለስ ገዢው በ10 ቀን ውስጥ ለዕቃው ዋጋ 60,000 ብር ብቻ ከፈለ፤ ሻጩም ለከፊል ክፍያ ቅናሽ እሰጣለሁ ብሏል። ከዕዳው ላይ ስንት ይሰረዝ? 2 በመቶ ጨምረው 61,200 የሚሉ አሉ። 60,000 ብሩ ግን ቅናሹ ከተነሳ በኋላ የቀረው 98 በመቶ ነውና ለ0.98 ይካፈላል፦ 61,224.49 ብር። ከ123,120 ላይ ሲነሳ 61,895.51 ብር ይቀራል፤ ይህ ቀሪ በ30 ቀን ያለ ቅናሽ ይከፈላል። ሻጩ ለከፊል ክፍያ ቅናሽ የመስጠት ግዴታ የለበትም፤ ውሉ ዝም ካለ እንዳለ አድርገው አይቁጠሩት።

ቅናሹን መተው ስንት ያስከፍላል

2 በመቶ ትንሽ ትመስላለች። ቅናሹን ትቶ በ30ኛው ቀን የሚከፍል ሰው ግን የሚያተርፈው 20 ቀን ብቻ ነው። ለዚያ 20 ቀን በ98 ብር ላይ 2 ብር ወለድ ከፈለ ማለት ነው፦

(2 ÷ 98) × (365 ÷ 20) = 0.3724

በዓመት ሲሰላ 37.24 በመቶ ገደማ። በ«1/10፣ ኔት 30» 18.43 በመቶ ይሆናል፤ በ«2/10፣ ኔት 60» ደግሞ ጊዜው ስለሚረዝም 14.9 በመቶ ይወርዳል። ይህን ባንክ ከሚጠይቅዎ ወለድ ጋር ያነጻጽሩ። ኦቨርድራፍት (በሒሳብዎ ካለው በላይ እንዲያወጡ ባንክ የሚፈቅድልዎ ብድር) በ18 በመቶ አለዎት እንበል፦ ለዕቃው የሚከፈለውን 120,657.60 ብር ለ20 ቀን ቢበደሩ ወለዱ 1,190.05 ብር ነው፤ ቅናሹ 2,462.40 ብር። ተበድረው ከፍለውም 1,272.35 ብር ይተርፍዎታል። በ10ኛው ቀን መክፈል ይበቃል፤ በ2ኛው ቀን ለከፈለ የሚጨመር ነገር የለም። በሌላ በኩል አከፋፋዩ 45 ቀን ቆይተው ቢከፍሉም ዝም የሚል ከሆነ፣ ስሌቱ ላይ 20 ሳይሆን 35 ቀን ይገባል፤ 21.28 በመቶ ይመጣል፣ ውሳኔውም ሊቀየር ይችላል።

ሻጭ ከሆኑ

ቅናሹን የሚሰጠው ወገን ስሌቱን ወደኋላ መሥራት አለበት። ከአንድ ባልዲ 4,000 ብር በእጅዎ እንዲገባ ፈልገው 20፣ 10 እና የ2 በመቶ የጥሬ ገንዘብ ቅናሽ ለመስጠት ካሰቡ፣ በ4,000 ላይ 32 በመቶ ጨምሮ 5,280 ብር ማለት ያከስራል፤ ቅናሾቹ ሁሉ ሲነሱ የሚገባው 3,725.57 ብር ብቻ ነው። የሚቀሩትን ያባዙ፣ 0.80 × 0.90 × 0.98 = 0.7056፤ ከዚያ 4,000ን ለ0.7056 ያካፍሉ፦ 5,668.93 ብር። ሲያጠጋጉ ወደ ላይ ያጠጋጉ፤ 5,670 ቢሉ 4,000.75 ብር ይገባል፣ 5,650 ካሉ ግን በየባልዲው 13.36 ብር ይጎድላል።