ቶሮንቶ ላይ ቤታችሁ ልጅ ለመያዝ ስታስቡ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለምትመጡ

ከዚራም ሆነ ጀጎል ውስጥ፣ እናት ልጇን ጎረቤት አስቀምጣ ሥራ ብትሄድ ጎረቤቷ ቤት ስንት ልጅ እንዳለ የሚቆጥር የለም። ቶሮንቶ ባለችበት የካናዳ ክፍለ ግዛት፣ ኦንታሪዮ ግን የሕጉ መነሻ ቁጥሩ ነው። የሌላ ሰው ልጅ እየያዛችሁ ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ ወይም ልጃችሁን ለአገር ሰው ልትሰጡ ከሆነ፣ ስለ ክፍያ ከማውራታችሁ በፊት ይህን እወቁ።

አሁን የሚሠራበት የሕፃናት እንክብካቤ ሕግ ተግባር ላይ የዋለው ኦገስት 31 ቀን 2015 ነው (ቀኖቹን በፈረንጆች አቆጣጠር አንብቧቸው)። ያለ ላይሰንስ (የሥራ ፈቃድ) ቤቱ የሚሠራ ሰው በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው ከ13 ዓመት በታች የሆኑ 5 ልጆችን ብቻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 2 ዓመት ያልሞላቸው ከ3 መብለጥ የለባቸውም። የራሳችሁ ልጅም 4 ዓመት ካልሞላው ከ5ቱ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የ1 እና የ3 ዓመት ልጆች ያሏት እናት የምትቀበለው የሌላ ሰው ልጅ 3 ብቻ ነው፤ ከነሱም 2 ዓመት ያልሞላቸው ከሁለት ማለፍ አይችሉም። ሁለት ሴቶች አንድ ቤት ውስጥ አብረው ቢሠሩም ቁጥሩ 10 አይሆንም። ስድስተኛው ልጅ «ለአንድ ሰዓት ብቻ ያዢልኝ» ተብሎ ቢመጣም ሕግ ተጥሷል። ቅጣቱ እስከ 250,000 ዶላር ወይም እስከ 1 ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱም ሊሆን ይችላል። እንቢ ማለት ለእኛ ሰው ይከብዳል፤ ቢሆንም እንቢ በሉ።

አያት፣ አክስት ወይም አጎት የዘመዳቸውን ልጅ ሲይዙ ይህ ሕግ አይመለከታቸውም። ዝምድና የሚባለው ግን በደም፣ በጋብቻ ወይም በጉዲፈቻ የመጣው ነው። የክርስትና እናትና «አክስት» እያልን የምንጠራት ጎረቤት በሕጉ ዘመድ አይደሉም።

ላይሰንስ የሌላችሁ ከሆነ ይህንኑ ለወላጆች በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ቅጂውን አስቀምጡ። ወላጅ ደረሰኝ ከጠየቀ በነፃ ስጡ። ደረሰኙ ለወላጁ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ግብር ሲያሰላ በአብዛኛው ከ7 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በዓመት እስከ 8,000 ዶላር፣ ከዚያ በላይ እስከ 16 ዓመት ላለ ልጅ እስከ 5,000 ዶላር የእንክብካቤ ወጪ ከገቢው ሊቀንስ ይችላል። በጥሬ ገንዘብ ያለ ደረሰኝ መቀበል ሁለታችሁንም ይጎዳል።

ከ5 በላይ መያዝ የምትፈልጉ ላይሰንስ ባለው የቤት ዴይኬር (የልጆች መዋያ) ኤጀንሲ ሥር ግቡ። ላይሰንሱ የኤጀንሲው ነው፤ እናንተ ከእሱ ጋር ትዋዋላላችሁ። በዚህ መንገድ እስከ 6 ልጅ ይፈቀዳል፤ 2 ዓመት ያልሞላቸው አሁንም ከ3 አይበልጡም። ለሕፃናት የሚሆን የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ትወስዳላችሁ። ከእናንተ በተጨማሪ ቤቱ ውስጥ የሚኖር 18 ዓመት የሞላው ሁሉ የፖሊስ ማጣሪያ ያቀርባል፤ በቅርቡ የመጣ ወንድም አብሯችሁ ካለ እሱንም ይጨምራል። ኤጀንሲው ቢያንስ በየ3 ወሩ ሳይነግር ይመጣል።

ወላጅ ከሆናችሁ፣ መንግሥት የሚደጉመው ክፍያ ላይሰንስ ባለው ቦታ ብቻ ነው። በመንግሥት የክፍያ ቅነሳ ውስጥ በተካተቱ ተቋማት ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ከፍተኛው የቀን ክፍያ 22 ዶላር ሆኗል። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ለቶሮንቶ ከተማ የዴይኬር ድጎማ አመልክቱ። ወረፋው ረጅም ስለሆነ በደረሳችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ተመዝገቡ።

ዴይኬሩ የክትባት መረጃ ይጠይቃል። ከድል ጮራ ወይም ከሕይወት ፋና ሆስፒታል የወሰዳችሁት ካርድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት አስቀይሩት። መስከረም 12 ቀን 2014 የተወለደ ልጅ የልደት ቀኑ ሴፕቴምበር 22 ቀን 2021 ነው። እንዳለ ከተነበበ ልጁ በ7 ዓመት ያረጃል፤ ክትባቱም የተወሰደበት ቀን የተሳሳተ ሆኖ እንደገና ሊታዘዝ ይችላል።